በባሮ ወንዝና በጋምቤላ ረግረግ በውኃ አበባ ዳር ስለሚገኘው ዓሣ፥ በየወራቱም ስለሚጠመድበት አኳኋን

ዓሣ ከዓይን ተሰውሮ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ለብዙ ሰው ዕድል ብቻ የሚያስገኘው ሀብት ይመስለዋል። ነገር ግን ዓሣም እንደ ከብት የሚሰማራበት፥ የሚወልድበትና ከአውሬ የሚሸሸግበት ስፍራ አለው። በጋምቤላ አገር፥ በባሮ፥ በአልዌሮ፥ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር፥ በጎግ ወረዳም ባለው በታታ ሐይቅ፥ እነዚህ ሦስቱ ስፍራዎች የሚገናኙት በውኃ አበባ በተሸፈነው፥ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ይህን ዳርቻ የጠበቀ ሹም ዓሣውን ጠበቀ፤ ይህን ዳርቻ ያስጠፋ ሹም ግን መረብና ታንኳ ቢያበዛም የሚጠብቀው ባዶ ውኃ ነው።

1ኛ፤ ስለ ውኃው ሥርዓት

ባሮ ከደጋው የሚወርዱት የብርብርና የገባ ወንዞች ተገናኝተው የሚያወጡት ወንዝ ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ደጋው ሲዘንብ ቆላው ይሞላል። ወንዙ ከሰኔ ጀምሮ እያደገ ሄዶ በነሐሴና በመስከረም ከዳርቻው ይወጣል፤ ሜዳውንም በሰፊው ያለብሳል። ከዚያ በኋላ እየጎደለ ሄዶ በመጋቢት ገደማ እጅግ ያንሳል።

ይህ የውኃ መሙላትና መጉደል ቀድሞ መንግሥታትን እንኳ ያስገድድ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ በተቋቋመ ጊዜ፥ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር። ጣቢያው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ተዘግቷል። መርከቡ ቢቀርም የውኃው ሥርዓት አልቀረም፤ ዓሣውም እስከ ዛሬ በዚሁ ሥርዓት ይወጣል፥ ይገባል።

2ኛ፤ በውኃ አበባ ውስጥ ስለሚኖሩት ዓሦች

የውኃ አበባ ሥሩን በጭቃው ተክሎ፥ ረጅም አገዳውን ወደ ላይ ልኮ፥ ሰፊና ክብ ቅጠሉን በውኃው ፊት የሚዘረጋ ተክል ነው። ቅጠሉ ጥላ ይሆናል፤ በአገዳው ላይ ጥቃቅን ነፍሳት ይሰፍራሉ፤ ነፍሳቱን ለመብላት ትናንሽ ዓሦች ይመጣሉ፤ ትናንሾቹንም ተከትሎ ትልቁ ይመጣል።

ይሁን እንጂ ዓሣ ሁሉ ወደ ቅጠሉ መካከል አይገባም። ምክንያቱ መተንፈስ ነው። ውኃው በቆመበትና ቅጠል በበሰበሰበት ስፍራ ኦክሲጅን የሚባለው የአየር ክፍል ያንሳል፤ ይልቁንም ሌሊቱን ሲጎድል አድሮ ጎሕ ሲቀድ እጅግ ዝቅ ይላል። አምባዛ ከላይ ያለውን አየር መሳብ ስለሚችል ይህን አይፈራም። ሄቴሮቲስ የሚባለው ባለ ትልልቅ ቅርፊት ዓሣና ባለ ሳንባው ዓሣም እንደዚሁ ናቸው። ቆሮሶም አየር ላነሰበት ውኃ ታጋሽ ነው። ናይል ፐርች የሚባለው፥ የሱዳን ዐረቦች ‹ዕጅል› ማለት ጥጃ የሚሉት ትልቁ ዓሣ ግን ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ይህ ዓሣ ሲያድግ ሁለት ሜትር ሊረዝም፥ 200 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ከቅጠሉ ጫፍ ውጭ፥ ውኃው በሚንቀሳቀስበት ድንበር ላይ ቆሞ፥ ከጥላው የሚወጣውን ትንሽ ዓሣ ይጠብቃል።

ይህ ድንበር ምን ያህል እንደሚጠቅም በዩጋንዳ አገር በናቡጋቦ ሐይቅ ታይቷል። ናይል ፐርች በሰው እጅ በተጨመረበት በዚያ ሐይቅ፥ ከአገሬው ትናንሽ ዓሦች ብዙዎቹ ከመካከለኛው ውኃ ሲጠፉ፥ ከጥፋት የተረፉት አሳዳጁ ሊገባበት በማይችለው በደንገልና በውኃ አበባ ዳር የተሸሸጉት ናቸው። በባሮ ናይል ፐርች እንግዳ ሳይሆን የአገሩ ተወላጅ ነው። ቢሆንም መሸሸጊያው ከጠፋ ትንሹ ዓሣ ያልቃል፤ ትንሹ ካለቀም ትልቁ አይቆይም።

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ደግሞ ባስ የሚባል ዓሣ አለ፤ መንጠቆ ጣዮች በየወራቱ በውኃ አበባ ዳር ይፈልጉታል። በጸደይ ሊወልድ ወደ ዳር ይወጣል፤ በበጋ ከቅጠሉ ጥላ ሥር ይውላል፤ በመከር ቅጠሉ ሲበሰብስ ይለቃል፤ በብርዱ ወራት ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በዚያ አገር ዓሣውን የሚያዝዘው ሙቀትና ብርድ ነው፤ በጋምቤላ የሚያዝዘው የውኃው መሙላትና መጉደል ነው።

3ኛ፤ ስለ አራቱ ወራት

ከሰኔ እስከ ነሐሴ፤ ውኃው ወደ ሜዳ ሲወጣ ዓሣውም አብሮ ይወጣል። ይህ የመውለጃ ወራት ነው። አምባዛ በአዲስ ውኃ በተሸፈነው ሣር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ሄቴሮቲስ ሣሩን ገፍቶ ጎጆ ይሠራል፥ ይጠብቃልም። ቆሮሶ ሴቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ሁለት ሳምንት ያህል ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ አንዲት ቆሮሶ የያዘ ሰው ከእርሷ ጋራ መቶዎቹን ልጆቿን ያዘ ማለት ነው። በዚህ ወራት በውኃ አበባው ውስጥ መረብ መጣል እህል ለዘር ከተቀመጠበት ጎተራ እንደ መብላት ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር፤ ውኃው መመለስ ይጀምራል። በሜዳ ያደገው ጫጩት ከውኃው ጋራ በጠባብ መውረጃዎች ወደ ወንዙ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የአገሩ ሰው በመውረጃው ላይ አጥር አጥሮ፥ ከቀጭን እንጨት የተሠራ ወጥመድ ያኖራል። ናይል ፐርችም በመውረጃው አፍ፥ የውኃ አበባው ባለቀበት ተሰልፎ ይጠብቃል። መንጠቆ ጣይ ሁሉ የሚመኘው ወራት ይህ ነው። መንጠቆውን ወደ ቅጠሉ መካከል ሳይሆን ከቅጠሉ ዳር ጎን ለጎን፥ በማለዳና በምሽት ይጥላል፤ ዓሣው ሲይዝለትም በአገዳው እንዳይጠላለፍ ቶሎ ወደ ገላጣው ውኃ ይስበዋል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፤ ወንዙ ወደ አልጋው ይገባል፤ በሜዳው ላይ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። ናይል ፐርች ወደ ወንዙ ጥልቅ ስፍራ ይወርዳል። ቆሮሶና አምባዛ በየኩሬው ይቀራሉ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ ኩሬው ይሞቃል፥ ይደርቃል፤ ባለ ሳንባው ዓሣም በጭቃ ውስጥ ይቀበራል። አኙዋና ኑዌር በአንድነት ወጥተው በጦርና በወጥመድ የሚያጠምዱት በዚህ ጊዜ ነው። ያለፈው እህል ባለቀበት፥ አዲሱ ባልደረሰበት ወራት የብዙ ቤተ ሰብ ምግብ ይህ ዓሣ ነው።

4ኛ፤ ስለሚያሠጋው ነገር

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ ዓሣም የሚያልቀው ቀስ በቀስ ነው። አንደኛው ሥጋት ዓይኑ የጠበበ መረብ ነው፤ ጫጩቱን ከእናቱ ጋራ ይጠርጋልና። ይልቁንም የዐቢይ ጾም ውኃው እጅግ በጎደለበት ወራት ስለሚውል፥ በከተማ ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ በኩሬው የቀረው ዓሣ ማምለጫ የለውም።

ሁለተኛው ሥጋት ረግረጉን ለእርሻ ማድረቅ ነው። የአንድ ዓመት እህል ይገኝበታል፤ ነገር ግን የየዓመቱ ጫጩት ማደጊያ ይጠፋል።

ሦስተኛው ሥጋት እንቦጭ ነው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ሐይቅ ታይቶ ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ በባሮና በጊሎም ተገኝቷል። ከውኃ አበባ ጋራ ግን ሊምታታ አይገባውም። የውኃ አበባ በጭቃ የተተከለ ነው፤ በቅጠሎቹም መካከል ብርሃን ያልፋል። እንቦጭ ሥሩ በውኃ የተንጠለጠለ፥ አገዳው እንደ ፊኛ ያበጠ፥ አበባው ሐምራዊ፥ ተንሳፍፎ የሚዞር ነው፤ ገጥሞም ውኃውን ብርሃንና አየር ይከለክለዋል። እንቦጩን ለማጥፋት የወጣ ሠራተኛ የውኃ አበባውንም ነቅሎ ቢመለስ፥ ጠላቱን ሲያሳድድ የወገኑን ቤት እንዳቃጠለ ሰው ነው።

5ኛ፤ የሹም ተግባር

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በቁጥር 315/1995 ወጥቷል። አዋጁ በወረቀት ቢኖርም ውኃውን የሚያየው ግን በስፍራው ያለው ሹም ነው። ስለዚህ የወረዳው አስተዳዳሪ አስቀድሞ በወረዳው ያሉትን የውኃ አበባ ስፍራዎችና የመውረጃ አፎች ከአገሩ ሽማግሎች ጋራ ዞሮ ይይ፤ የትኛው ኩሬ በየትኛው መንደር እንደሚጠበቅ፥ መቼ እንደሚከፈትም እነርሱ ያውቃሉና። ያለ እነርሱ ፈቃድ ለውጭ ነጋዴ የተሰጠ ኩሬ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ጠብም ያወጣል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ በውኃ አበባው ውስጥ መረብ እንዳይጣል፥ በመስከረም በመውረጃው ላይ የሚታጠረው አጥር የውኃውን መካከል ክፍት እንዲተው፥ በመጋቢትም ከኩሬዎቹ ጥልቁ ሳይነካ እንዲቀር ይምከር፥ ያስማማም። እንቦጭ ሲታይ ሳያብብ በእጅ አስነቅሎ ከውኃው አርቆ ያድርቀው። ሠራተኞቹንም ከአዞና ከጉማሬ ይጠብቅ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው በዚያ ቅጠል ሥር ዘወትር እውነት ነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ ወራቱን ማወቅና በወራቱ መታገሥ ይበቃል። በነሐሴ የታገሡት አንድ ዓሣ፥ እህል ባለቀበት በግንቦት ለብዙ ልጆች እራት ይሆናል።