ደጋ ላይ ጥሩ ቡና ማፍላት

ከስማዳ ቆላ ወደ ነፋስ መውጫ የወጣ ሰው የባቄላ ንፍሮ እንዴት እንደሚዘገይ ሳይውል ሳያድር ያስተውላል። ባቄላው ያው ነው፣ እሳቱም ያው፤ የሚለየው ውኃው የሚፈላበት ሙቀት ነው። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውኃውም ብዙ ሳይግል መንተክተክ ይጀምራል። በግምት ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር በ91፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው ነፋስ መውጫ በ90 ገደማ ይፈላል። ስማዳ ወደ ዓባይ በሚወርድበት ቆላ ግን 95 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ላይና ታች ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ ላይ ስለ ቡና አፈላል የሚነጋገር ሰው ከዚህ ቢነሣ ይሻላል። በሌላው ዓለም ያሉ የቡና ባለሙያዎች ለቡና የሚመርጡት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሚሆን ውኃ ነው፤ ቆላ ላይ ያለ ሰው የፈላውን ውኃ ትንሽ እንዲያበርድ የሚመክሩትም ለዚህ ነው። የጋይንት ደገኛ ማብረድ አያሻውም። ውኃው የሚገባውን ያህል ግሎ እዚያው ይቆማል፤ ምሬቱን በችኮላ አይጎትትም። በአንጻሩ ጣዕሙን ከቡናው ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ቡናው ላም ብሎ መፈጨት አለበት፤ ጀበናውም ፍም ላይ ጥቂት መቆየት አለበት። ቆላ የወረደ ሰው ተቃራኒውን ያድርግ።

ቡናው ራሱ ከሩቅ ነው የሚመጣው። የቡና ዛፍ ውርጭ አይችልም፤ ከጉና ተራራ ሥር እስከ ነፋስ መውጫ ያለው ብርዳም አገር ለገብስና ለድንች እንጂ ለእሱ አይሆንም። ቅርቡ የታወቀ የቡና ደን ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ያለው ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ግን አብዛኛው የጅማና የወለጋ ነው፤ ለውጭ ገበያ ሳይበቃ ቀርቶ ወደ አገር ውስጥ የተመለሰ ቡናም በብዛት ይቀላቀልበታል። ይህን የምለው ለማስከፋት አይደለም፤ ለቀማው ላይ ጊዜ መስጠት ተገቢ መሆኑን ለማሳየት ነው። ጥሬው ሰፌድ ላይ ይዘርጋ። ጥቁሩ፣ የተነቀዘው፣ ሻጋታ የነካው፣ የተሰባበረው ይውጣ። አንድ የሻገተ ፍሬ የጀበናውን ቡና በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ተፈጭቶ የታሸገ ቡና የሚገዛ ሰው ይህን የመምረጥ ዕድል አያገኝም፤ ጥሬ መግዛት የሚሻለውም መጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነው።

ከታጠበ በኋላ የሚቆላው ጭስ በሌለው ፍም ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ማገዶ በተወደደበት ደጋ ኩበት ማንደድ የተለመደ ነው፤ የኩበቱ ጭስ ግን ቡናው ላይ ያርፋል፣ ሲኒው ውስጥም ይሸታል። ኩበቱ ነዶ ፍም እስኪሆን መጠበቅ ይበቃል። ምጣዱ ላይ እጅ ሳያሳርፉ ማማሰል ነው። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንጣጣል። መንጣጣቱ በረድ ብሎ ፍሬው እኩል ሲጠቁርና ገና ዘይቱ መውጣት ሲጀምር ማውረድ የእኔ ምርጫ ነው። እስኪከስል የቆዩበት ቡና ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ጅማም ይሁን ዘጌ ሁሉም አንድ ዓይነት መራራ ይሆናል። ካወረዱት በኋላም ሰፌድ ላይ ቶሎ ያብርዱት፤ በምጣዱ ግለት መቆላቱን ይቀጥላልና።

አሁን ወደ ሙቀጫው። ቡና ሲፈጭ ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ መዓዛውም በደቂቃዎች ውስጥ መብረር ይጀምራል። የዛሬውን ቡና ዛሬ፣ ያውም ውኃው ጀበና ውስጥ ሲሞቅ መውቀጥ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። ሙቀጫ የሚያወጣው ዱቄት እኩል አይደለም፤ ከፊሉ ይልማል፣ ከፊሉ ሸርካታ ይሆናል። ለወረቀት ማጣሪያ ይህ ጉድለት ነው። ለጀበና ግን እንደ ጉድለት አላየውም። የላመው ጣዕሙን ቶሎ ሰጥቶ አቦልን ያጠነክራል፤ ሸርካታው ቀስ እያለ ስለሚሰጥ ለቶናና ለበረካ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ለሚፈላ ቡና የሚመች አወቃቀጥ ነው። እጅግ የላመው ብናኝ ብቻ ሳይዘቅጥ ቀርቶ ሲኒ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ከደቃቅ አሸዋ አሳንሶ ማላም አያስፈልግም።

ሙቀጫው የቡና ብቻ ይሁን። እንጨት ዘይትና ሽታ ይይዛል፤ ነጭ ሽንኩርት ወይም በርበሬ የተወቀጠበት ሙቀጫ ቢታጠብም አይረሳም። የኤሌክትሪክ መፍጫ ያለው ሰው ዓይነቱን ይለይ። በምላጭ የሚቆራርጠው ርካሽ ነው፣ ግን ዱቄቱን ያሞቃል፤ በአጭር በአጭሩ እያቋረጡ፣ እያነቃነቁ መፍጨት ይሻላል። በሁለት ጥርሳም ክፍሎች መሃል የሚፈጨው መጠኑን ስለሚያስተካክል ዋጋው ቢወደድም ያዋጣል።

ለግማሽ ሊትር ውኃ 30 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና፣ ማለትም አምስት ስድስት የሾርባ ማንኪያ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ አንድ ስድስተኛውን ያህል ስለሚያጣ ጥሬው 36 ግራም ገደማ ይሁን። ትኩስ የተቆላ ቡና በውስጡ ጋዝ አለው፤ ዱቄቱ ጀበና ሲገባ አረፋ አውጥቶ የሚገነፍለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፣ አረፋው አንገቱ ጋ ሲደርስ ያንሡት፣ ሲወርድ ይመልሱት። ነፋስ መውጫ ላይ ይህን ሦስት ጊዜ ማድረግ ይቻላል፤ ቆላ ላይ አንዴ ይበቃል። ከዚያ ማቶት ላይ ዘንበል አድርገው አምስት ደቂቃ ያህል ያስክኑት። ሳይሰክን የተቀዳ ቡና አተላ ነው የሚሆነው። ጨው፣ ስኳር ወይም ጤና አዳም የሚጨምር የቤቱን ልማድ ይከተል፤ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ግን ቡናውን ብቻውን ይቅመሱት።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ልጨምር። ቡና በክርስቲያኑ ደጋ ዘንድ የቆየ ልማድ አይደለም። ካህናቱ የሙስሊም መጠጥ አድርገው ያዩት ስለነበር ብዙው ሰው ርቆት ኖሯል፤ ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡትና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ሲያስወግዱ ነው። አሁን የምናየው የእናቶች ጥበብ ሁሉ በጥቂት ትውልድ የተገነባ ነው፤ ስለዚህ ገና ሊሻሻል የሚችል እንጂ ያለቀለት አድርጌ አላየውም።

ጀበናውን በተመለከተ፣ አዲስ ከሆነ ሳይሟሽ ቡና አይግባበት፤ ጭቃ ጭቃ ይላል። ከበረካ በኋላ አተላው ሳይደርቅ ይደፋ፣ በሙቅ ውኃ ሁለት ሦስቴ ይለቅለቅ። ሳሙና አይንካው፤ ሸክላው ይጠጣዋል፣ በማግሥቱም አቦሉ ውስጥ ይመልሰዋል። ውታፉን አውጥተው፣ አፉን ዘቅዝቀው ያድርቁት።