ስንቅና ምድጃ በኮሌጅ ግቢ

የትምህርት ዘመን ሲጀመር ከየገጠሩ መናኸሪያ በሚነሱ አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ዕቃ ብዙው የተማሪ ስንቅ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ታስሮ ከገበሬው ቤት ወደ ኮሌጅ ግቢ ይሄዳል። አብዛኛው ተማሪ በግቢው የምግብ አዳራሽ የሚመገብ ቢሆንም፣ ከፊሉ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ተቀብሎ ራሱ ማብሰልን ይመርጣል። ተማሪዎች ይህን «ነን ካፌ» ይሉታል። ገንዘቡ ወሩ ሳይጋመስ ያለቀበት ተማሪ የሚተርፈው ይኸው ስንቅ ነው።

ጉዳዩ የልማት ሠራተኛውን በሁለት በኩል ይመለከተዋል። አንደኛ፣ እሱም ከኮሌጅ ወጥቶ በተመደበበት ቀበሌ በአንዲት የኪራይ ክፍል በአንዲት ምድጃ የሚያበስል ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ስንቁን የሚያዘጋጁት ቤተሰቦች በየዕለቱ የሚያስተምራቸው ገበሬዎች ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የአባሎቻቸውን እህል የሚረከቡና የሚያከማቹ በመሆናቸው፣ ስንቁ ጥሩ ሆኖ እንዲወጣ ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

እህልና ጥራጥሬን ማጣመር

ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ማሽላ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስርና አተር ደግሞ ይህ በበቂ አላቸው፤ እነርሱ የሚጎድላቸውን ሜታዮኒን እህሉ ይሰጣቸዋል። እንጀራን በሽሮ፣ ስንዴ ቆሎን በሽምብራ ቆሎ የምንበላው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥጋና ወተት ለመግዛት የማይችል ተማሪ፣ ጿሚም ቢሆን፣ በዚህ ጥምረት ሰውነቱን ሊገነባ ይችላል። በግምት ሁለት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ጥሩ መጠን ነው። በሶ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አይበቃም፤ አብሮት አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ቢበላ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል። በሶ እሳት የማይፈልግ መሆኑ ለፈተና ሰሞን እጅግ ይመቻል፤ የሚበጠበጥበት ውኃ ግን የፈላ ወይም የታከመ መሆን አለበት።

ለአንድ ሰው ሽሮ ለመሥራት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮና ሁለት የሻይ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ሽንኩርቱ በጥቂት ዘይት ከበሰለ በኋላ ውኃው ይጨመራል፤ ሲፈላ ሽሮው እየተማሰለ ይነሰነሳል። ወጡ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው ታጥቦ የተከተፈ አንድ እጅ ጎመን ቢገባበት ቫይታሚን ኤ ይገኝበታል፤ ዘይቱም ቫይታሚኑ በሰውነት ውስጥ እንዲሰርጽ ይረዳል። ጎመን ከመከተፉ በፊት እንጂ ከተከተፈ በኋላ አይታጠብ። አዮዲን ያለበት ጨውም ሊወጣ ሲል ይጨመር፤ ዕቃውም ተከድኖ ይቀመጥ።

ከገበታው ላይ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አይጥፋ። በእህልና በጥራጥሬ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያደርጋሉ። ሻይና ቡና በተቃራኒው ይከለክሉታልና ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻላል። ይህ በተለይ ለሴት ተማሪዎች ሊነገር ይገባል፤ በወር አበባ ምክንያት የብረት ፍላጎታቸው ከወንዶቹ ይበልጣል።

ስለ ቦሎቄና ስለ ጓያ

በከፍታ ቦታ ውኃ ፈጥኖ ይፈላል፤ ሲፈላ ግን የሚደርስበት ሙቀት ዝቅ ያለ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኝ እንደ ሐረማያ ባለ ግቢ፣ ውኃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ቦሎቄ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። ተማሪው ጊዜም ነዳጅም ስለሚያጥረው ሳይበስል ያወርደዋል። ቦሎቄ፣ ይልቁንም ቀዩ፣ በሚገባ ካልበሰለ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል መርዝ አለው። ስለዚህ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይደር፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሲንተከተክ ይፈላ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ ይቀቀል። ጊዜ የሌለው ሰው ምስር ክክ ይያዝ፤ መዘፍዘፍ ሳያስፈልገው ቶሎ ይበስላል።

ጓያ የባሰ ነው። በድርቅ የሚጸናና ርካሽ በመሆኑ ገበሬው ይወደዋል፣ ለዚህም አይወቀስም። ሆኖም ከዕለት ምግቡ ሲሶውንና ከዚያ በላዩን ጓያ አድርጎ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ይህም በሽታ መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 በወሎ ደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው በዚሁ ምክንያት ተጎድቷል። የሚጎዳው በተለይ በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ አዘውትሮ ሲበላ ነው፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። የተማሪ ስንቅ ደግሞ ለወራት የሚበላ ቆሎ ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ለተማሪ ከሚላከው ቆሎ ውስጥ ጓያ እንዳይገባ ደጋግሞ ይንገር።

ስለ እሳት

አብዛኞቹ ግቢዎች በመኝታ ክፍል ውስጥ ምድጃ ይከለክላሉ። ክልከላው ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን ምድጃውን ከአልጋ ሥር ያስደብቃል እንጂ አያስቀረውም። መስኮቱ የሚከፈት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የምድጃ ጭነት የሚችል አንድ የጋራ ማብሰያ ክፍል ቢዘጋጅ የተሻለ ነው። የተማሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ግቢም ክፍሉን ማኅበሩ ሊያስተዳድረው ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ግን ከሰል ይመጣል። የከሰል ፍም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ማውጣቱን አያቆምም። በዝግ ክፍል ውስጥ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ተኝቶ የነበረ ግን ሕመሙን ሳያውቅ ይሞታል። በቀበሌ ብቻውን የሚኖረው የልማት ሠራተኛም ለብርድ ሲል ማንደጃ ወደ መኝታው አያስገባ።

የተረፈ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይደር። ሩዝ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማታ የተቀቀለ ሩዝ እስከ ጠዋት ድስት ውስጥ ከቆየ የሚፈጠርበትን መርዝ እንደገና ማፍላት አያጠፋውም።

ማኅበሩ ስንቅ ሲያዘጋጅ

በአንድ ቀበሌ አሥርና አሥራ አምስት ተማሪ ካለ፣ ማኅበሩ ሽምብራውን፣ ገብሱንና በርበሬውን አንድ ላይ ገዝቶ፣ አስለቅሞና አስፈጭቶ ቢያከፋፍል ለቤተሰቡ ወጪው ይቀንሳል። እህሉ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ደረቅ መሆን አለበት። የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ «ለተማሪ ይሆናል» ተብሎ እንዳይቀላቀል፤ ሻጋታው የሚያመነጨውን አፍላቶክሲን መቁላትም መቀቀልም አይሽረውም። በሶና ሽሮ ከወፍጮ እንደወጡ ትኩሳታቸው ሳይበርድ በፌስታል ከታሰሩ ያልባቸዋል፤ አንድ ሌሊት በንጹሕ ሸራ ላይ ተዘርግተው ይደሩ። በየከረጢቱ ላይ የተፈጨበት ቀንና በውስጡ የገባው እህል ዓይነት ይጻፍ፤ ተማሪው አስቀድሞ የቆየውን እንዲበላ ይረዳዋል።