ተጨማሪ መረጃ፦ ኦክስጅን ሴንሰሩ ከመነቀሉ በፊት

የአዲስ አበባው ቂሊንጦ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ወደብ ላይ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና እዚህ ጥቁር ጭስ የሚያበዛው ለዚህ ነው፤ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ኢንጀክሽን ባለው መኪና ግን ኦክስጅን ሴንሰሩ የጭሱን ትርፍ ኦክስጅን እየለካ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ያስተካክላል።

ሴንሰሩ የሚሠራው ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳይሞቅ አትለኩ። የተለመደው የዚርኮኒያ ሴንሰር ጤነኛ ከሆነ ቮልቴጁ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። ከታች ተጣብቆ ከቀረ ብዙዎች ወዲያው አዲስ ሴንሰር ይገዛሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፣ የባለንብረቱንም ኪስ ይጎዳል። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ ከተሰነጠቀ የውጭ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩም እውነቱን እየተናገረ ኮምፒውተሩ «ቤንዚን አነሰ» ብሎ ይጨምራል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሡትና መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ አፍስሱ። አረፋ የሚኩረፈረፍበት ቦታ ስንጥቁ ነው።

ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር ግን ረጋ ማለት አለበት። እንደ ፊተኛው ከተወዛወዘ ኮንቨርተሩ ደክሟል፤ ስካነሩም አብዛኛውን ጊዜ «ፒ0420» የሚል ኮድ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ዘይት ያቃጥል እንደሆነ አስቀድማችሁ መርምሩ፤ የዘይት ጭስ አዲሱንም ኮንቨርተር ያበላሻል።