የግራ እግር ፊዚክስ፦ ጫማና ማርሽ በረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ላይ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቁ አንባቢያን፣ ያን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ እንደማያዋጣ አያጡትም። ፍሬን ሥራ ሲበዛበት ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ጭነት የያዘ መኪናም ሆነ ሞተር ብስክሌት ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲገታው እያደረገ ይወርዳል። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ ሻንጣ በተጫነ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ይህንኑ መንገድ ሲወርድ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ለመግባት መርገጫውን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ረገጠ። የመጀመሪያው ገባ፤ ሁለተኛው ግን አልገባም። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ የጠበቀውን ያህል አልገታለትም፤ ኩርባው ደግሞ ደርሷል። በፊት ፍሬን ተረፈ።

በማግስቱ ሽቅብ ሲመለስ ሌላ ነገር ገጠመው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሊያሻግር መርገጫውን በእግሩ ጣቶች አነሣ፤ ሞተሩ ግን ያለ ጭነት ጮኸ፤ ብስክሌቱም ዳገት ላይ ኃይል አጥቶ ቀረ። ማርሹ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ባለው ዜሮ ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ያው የቀድሞው፣ ዘይቱም በወቅቱ የተቀየረ ነው። አዲስ የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለጉዞው ተብሎ የተገዛው ወፍራም ቡት ጫማ ነው። ጥፋቱ የጫማ ነው ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። እኛም በመጀመሪያ ስቀናል፤ በኋላ ግን ማስመሪያና የማዕዘን መለኪያ ይዘን ነገሩን ስንመረምር ሳቁ ቀረ።

መርገጫው ሳጥኑ ውስጥ ምን ይሠራል?

በአብዛኞቹ ባለማርሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው። አንደኛ ማርሽ የሚገባው መርገጫውን ወደ ታች በመርገጥ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያሉት ከመርገጫው ሥር እግርን አስገብቶ ወደ ላይ በማንሣት ነው። ዜሮው በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ይገኛል። ይህ ሥርዓት ከጥንት የነበረ አይደለም። የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች ለብዙ ዓመታት ማርሻቸው በቀኝ እግር በኩል ነበር፤ በግራ በኩል እንዲሆን በአሜሪካ በደንብ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ ገበያው ሰፊ ስለነበረ ሌሎችም አምራቾች ተከተሉ።

በማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ጥርሳሞቹ ጎማዎች ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይዞራሉ። የሚለዋወጠው ከመካከላቸው የትኛው ጥንድ ከዘንጉ ጋር ተቆላልፎ ኃይል እንደሚያስተላልፍ ነው። ይህንንም የሚያደርጉት ሹካ መሰል ብረቶች ጥርሳሙን ጎማ በዘንጉ ላይ ወደ ጎን እያንሸራተቱ፣ በጎኑ ያሉትን ጉጦች ከጎረቤቱ ጋር በማቆላለፍ ነው። ሹካዎቹን የሚመራው ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ከበሮ መሰል ሲሊንደር ነው። መርገጫው በተነካ ቁጥር አንድ ሜንጦ ከበሮውን አንድ ደረጃ ብቻ ያዞረዋል። ከዚያም መርገጫው በስፕሪንግ ተስቦ ወደ መካከለኛ ቦታው ይመለሳል፤ ሜንጦውም ቀጣዩን ደረጃ ለመያዝ ይዘጋጃል። አንድ እርግጫ አንድ ማርሽ እንዲሆን የሚያደርገው ይህ ዓይነቱ ዘዴ በእንግሊዙ ቬሎሴት ሞተር ብስክሌት ላይ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከታየ ወዲህ መሠረታዊ አሳቡ ብዙም አልተለወጠም።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ መርገጫው ጉዞውን እስከ መጨረሻው ካልተጓዘ ከበሮው ደረጃውን አይጨርስም፤ ጉጦቹም በግማሽ ይያያዛሉ፣ ወይም ጭራሽ አይያያዙም። ሽቅብ ላይ የገጠመን ይህ ነው። ሁለተኛ፣ መርገጫው ወደ መካከለኛ ቦታው ካልተመለሰ ሜንጦው ቀጣዩን ደረጃ ሊይዝ አይችልም፤ የፈለግነውን ያህል ብንረግጠው ዋጋ የለውም። ቁልቁለቱ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ የወፍራሙ ጫማ አፍንጫ መርገጫውን ተጭኖ ስለቀረ፣ ሁለተኛው እርግጫ ባዶ እርግጫ ሆነ። ቀጭን ጫማ ለብሶ ቢሆን ኖሮ እግሩ የብረቱ መመለስ ይሰማው ነበር።

ሁለት ሴንቲሜትር

አሁን ወደ ልኬቱ እንሂድ። የአሽከርካሪው እግር ውስጠኛው በእግር ማሳረፊያው ላይ ያርፋል፤ የመርገጫው ጫፍ ከዚያ ወደ ፊት 17 ሴ.ሜ. ይርቃል እንበል። ጣቶችን ከመርገጫው ሥር ለማስገባት የጫማው አፍንጫ ከሶሉ ሥር እስከ ላይኛው ቆዳ ያለው ውፍረት በመርገጫውና በማሳረፊያው ደረጃ መካከል ካለው ክፍተት ማነስ አለበት። መርገጫው 5 ሴ.ሜ. ከፍታ ላላት ቀላል ጫማ ተስተካክሎ ሳለ 7 ሴ.ሜ. የሚሆን ቡት ብናመጣ፣ የቀረውን 2 ሴ.ሜ. ማግኘት የምንችለው እግራችንን ወደ ታች በማጠፍ ብቻ ነው። የማዕዘኑ ታንጀንት 2 ሲካፈል ለ17 ስለሆነ፣ ማዕዘኑ 7 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። መርገጫው ራሱ ጫፉ ላይ 3 ሴ.ሜ. የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ለማርሹ 10 ዲግሪ ያህል ያስፈልገናል። እንግዲህ ማርሹን ከማንሣቱ ሥራ ሁለት ሦስተኛ የሚያህል ተጨማሪ እንቅስቃሴ ጫማው ጠየቀን ማለት ነው።

ሰባት ዲግሪ ትንሽ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በባዶ እግር እውነት ነው። የጤነኛ ሰው ቁርጭምጭሚት እግሩን ወደ ላይ 20 ዲግሪ፣ ወደ ታች ደግሞ 50 ዲግሪ ያህል ያጥፋል። ነገር ግን ቡት ጫማ የሚገዛው በትክክል ይህን መታጠፍ እንዲገድብ ነው፤ በውድቀት ጊዜ ቁርጭምጭሚት እንዳይጠመዘዝ። በተጨማሪም ከ20 ዲግሪው ምን ያህሉ እጃችን ላይ እንደቀረ የሚወስነው አቀማመጣችን ነው። ማሳረፊያው ወደ ኋላ በሚያዘነብልበት፣ ለስፖርት በተጠጋ ብስክሌት ላይ ጉልበት ከቁርጭምጭሚት ቀድሞ ወደ ፊት ስለሚወጣ ቅልጥም ያዘነብላል፤ እግር በማሳረፊያው ላይ ጠፍጣፋ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚት ገና ከመጀመሪያው ወደ ላይ ከታጠፈበት ማዕዘን የተወሰነውን በልቶታል። እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ በሚቀመጥበት ትልቅ የጉዞ ብስክሌት ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ላይ የሚቀረው መንገድ ሰፊ ነው።

ሥነ አካል የሚያጠኑ አንባቢያን አንድ ነገር ሊጨምሩልን ይችላሉ። ከባት ጡንቻዎች አንዱ ከጉልበት በላይ ተነሥቶ ከተረከዝ ጋር ስለሚያያዝ ሁለት መገጣጠሚያዎችን ያልፋል። ጉልበት ሲታጠፍ ይህ ጡንቻ ይላላል፤ ቁርጭምጭሚትም ጥቂት ዲግሪ ተጨማሪ ነፃነት ያገኛል። ሆኖም መርገጫውን ወደ ላይ የሚያነሣው ሥራ የባት አይደለም፤ በቅልጥም ፊት ለፊት የሚገኘው፣ ከባት በጣም ያነሰ አቅም ያለው ጡንቻ ነው። ከተማ ውስጥ ውሎ ቅልጥሙ ፊት ለፊቱን ያመመው አሽከርካሪ ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል።

አምራቾችም ከዚህ ችግር ነፃ አልነበሩም። ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ1923 አር 32 ከተባለው ሞተሩ ጀምሮ ሁለቱን ሲሊንደሮች በግራና በቀኝ አግድም አድርጎ ሠራ። ለማቀዝቀዝም ለሚዛንም ግሩም ነው። እግርን በተመለከተ ግን ሲሊንደሩ በቀጥታ በአሽከርካሪው ቅልጥም ፊት ይወድቃል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በወጣው አር 100 አር.ቲ. በመሰሉት የጉዞ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ካርቡሬተሩ ከሲሊንደሩ ኋላ፣ ልክ ከጣቶች በላይ ተቀምጧል። ትልቅ ቁጥር ጫማ የሚያደርግ ሰው መርገጫውን ሊያነሣ ሲል የቡቱ አፍንጫ ካርቡሬተሩን ይገጨዋል። እዚህ ላይ መርገጫውን ከፍ ማድረግ አያድንም፤ ከሥር የተገኘው ቦታ ከላይ ይጠፋልና። እ.ኤ.አ. በ2013 በአር 1200 ጂ.ኤስ. ላይ የመጣው አዲስ ሞተር አየሩን ከላይ ተቀብሎ ጭሱን ከታች የሚያወጣ በመሆኑ፣ በቅልጥም ፊት የነበረው አካል ወደ ላይ ተነሣ።

ቁጥሩ ስለ ምን ይናገራል?

በገበያችን የለመድነው የጫማ ቁጥር የፈረንሳይ ልኬት ነው፤ አንድ ቁጥር የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ቁጥር 42 ማለት 28 ሴ.ሜ. ማለት ነው። ይህ ግን የእግር ርዝመት አይደለም፤ ጫማ ሰሪዎች ጫማውን የሚወጥሩበት ፎርማ ርዝመት ነው፤ እግሩ ከዚያ ያንሳል። ቁጥሩ ስለ ስፋት፣ ስለ አፍንጫ ከፍታ፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መገጣጠሚያ ስላለው ርቀት የሚነግረን ነገር የለም። ለማርሽ የሚያስፈልጉን ግን እነዚሁ ናቸው። ጫማው የሚታጠፍበት መሥመር ከአውራ ጣት መገጣጠሚያ ጋር ካልገጠመ፣ ርዝመቱ ልክ ቢሆንም እንኳ እግርና ጫማ በየፊናቸው ይታጠፋሉ።

ሰፊ ጫማ መግዛት መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የእኛም ባልደረባ አንድ ቁጥር ጨምሮ ነበር፤ ሻጩም ወፍራም ካልሲ ይሞላዋል ብሎ አበረታቶታል። ይሁንና በጣቶችና በጫማው ጣሪያ መካከል 1 ሴ.ሜ. ባዶ ቦታ ካለ፣ መርገጫውን 3 ሴ.ሜ. ለማንሣት እግር 4 ሴ.ሜ. መሄድ አለበት። ከእንቅስቃሴው ሩቡ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ያረጀ መሪ ያለው መኪና ነድቶ የሚያውቅ ሰው ስሜቱን አይረሳውም፤ እጅ ይዞራል፣ ጎማ ግን አይዞርም።

ጠባብ ጫማ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስንራመድ የባት ጡንቻ እየተኮማተረ በደም መልሶች ውስጥ ያለውን ደም ወደ ላይ ይገፋል። በብስክሌት ላይ ለሰዓታት ሲቀመጡ ይህ ፓምፕ ሥራ ይፈታል፤ ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ እግር ይወርዳል፤ እግርም ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረ ቡት ከቀትር በኋላ ጣቶችን የሚያደነዝዘው ስለዚህ ነው፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ መርገጫው መመለሱንና አለመመለሱን አይለይም። ጫማውን ከሰዓት በኋላ፣ ለጉዞ በሚለበሰው ካልሲ መለካት የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ቀጭን ጫማ አድርጎ ለምን አይገላገሉም? የሞተር ብስክሌት መከላከያ ጫማን የሚመለከተው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢ.ኤን. 13634፣ ጫማው በአስፋልት ላይ ሲፋቅ፣ በስለት ሲመታና ከግራና ከቀኝ ሲጨፈለቅ ምን ያህል እንደሚቋቋም ይፈትሻል። ከ200 ኪ.ግ. በላይ የሚመዝን ብስክሌት በእግር ላይ ሲወድቅ ዋጋ ያለው ይህ የመጨረሻው ነው። የሚቋቋመውም በሶሉ ውፍረትና ጥንካሬ ነው፤ ማለትም ከመርገጫው ሥር ያጣነውን ቦታ በወሰደብን በዚያው ነገር። በእኛ አስተያየት ለማርሽ ምቾት ሲባል ይህን መከላከያ መተው ተገቢ አይደለም፤ መስተካከል ያለበት ብረቱ ነው።

ብረቱ ደግሞ ይስተካከላል። በብዙ የጉዞ ብስክሌቶች ላይ መርገጫው ከማርሽ ሳጥኑ ዘንግ ጋር የሚገናኘው ሁለቱ ጫፎቹ ቡለን በሆኑ ቀጭን ዘንግ ነው፤ አንደኛው ጫፍ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ጥርስ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ዳዶዎቹን አላልቶ ዘንጉን ማዞር ብቻ መርገጫውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ዘንግ በሌላቸው ላይ መርገጫው ከጥርሳሙ ዘንግ ወጥቶ አንድ ጥርስ ዞሮ ይገባል፤ ይህ ግን እርምጃው ትልቅ ስለሆነ ልክ ላይ አያርፍም። ቆሞ ሲሞክሩት ሁሉም ማርሽ ካልገባ አያስደንግጥ፤ ጉጦቹ ፊት ለፊት ተጋጭተው ነው፤ የኋላውን ጎማ በእጅ ትንሽ ማዞር ይበቃል።

ሌላው መንገድ በተረከዝና በጣት የሚረገጠው ባለ ሁለት ክንድ መርገጫ ነው። በየከተሞቻችን በሚመላለሱት ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ሱፐር ካብ ላይ ተጠቅሞበታል። ወደ ላይ ማንሣት ስለማያስፈልግ የጫማው አፍንጫ አይፋቅም፤ ደካማው የቅልጥም ጡንቻም ያርፋል። ነገር ግን የኋላው ክንድ ተረከዝ የሚያርፍበትን ቦታ ይወስዳል፤ ሰፊ የእግር ሰሌዳ ባላቸው የሃርሊ ዴቪድሰን የጉዞ ብስክሌቶች ላይ እግራቸውን እንደ ልብ ለማንቀሳቀስ ሲሉ ይህን ክንድ ፈትተው የሚያስቀምጡት ጥቂት አይደሉም።

የባልደረባችን ብስክሌት ዘንግ ያለው ነበር። ዳዶዎቹን አላልተን፣ ቡቱን አድርጎ ተቀምጦ ሳለ፣ አፍንጫው ከመርገጫው ሥር ሳይገጭ እስኪገባ ድረስ ጥቂት ዙር አዞርነው፤ ጫፉ ከአንድ ሴንቲሜትር ትንሽ የሚበልጥ ከፍ አለ። ከዚህ በላይ ቢነሣ ለመርገጥ እግሩን ከማሳረፊያው ላይ ማንሣት ያስፈልገው ስለነበር እዚያው ላይ አቆምነው። ቡቱንም በልኩ ቀየረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቀላል ጫማ ወደ ገበያ ሲወጣ ግን መርገጫው ከፍ ብሎበት እስከ አሁን ያማርራል።