የራኬት ጎማ ስንመርጥ፦ ስፒን ወይስ ኮንትሮል?

ባለፈው ሴሚስተር በዲፓርትመንቶች መካከል በተደረገው የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ቡድናችን ከግማሽ ፍጻሜ ያላለፈው በእኔ ምክንያት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ላውንጅ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ እስከ ዛሬ ይነሳብኛል። ሁለት ለሁለት ሆነን የመጨረሻው ጨዋታ ለእኔ ደረሰ፤ ሦስት ለባዶ ተሸነፍኩ። ለቡድናችን አምበል ደግሞ ተመራቂ ስለነበረ የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። ምንም አላለኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የስፖርት ኮሚቴው ከየባቹ በተዋጣው ገንዘብ ለአራት ራኬት የሚሆን ጎማ ግዛ ብሎ ለእኔው ሰጥቶኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ገንዘባችሁን ከማውጣቴ በፊት ምን እንደምገዛና ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ነገሩ ከትምህርታችን ጋርም ስለሚገናኝ ኤዲተሮቹ ፈቅደውልኛል።

መጀመሪያ ጎማ የምንለው ነገር አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ኳሷን የሚነካው ስስ ላስቲክ ላይኛው ሲሆን ከሥሩ ስፖንጅ አለ። ላስቲኩ በአንድ ገጹ ለስላሳ፣ በሌላው ገጹ ጥቃቅን ጉብታዎች ያሉት ነው። ጉብታው ወደ ውስጥ ዞሮ በስፖንጁ ላይ ሲለጠፍ ለስላሳው ወደ ውጭ ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው የሚጫወተው በዚህ ነው። ጉብታው ወደ ውጭ የሆነም አለ፤ እሱ ለሌላ ዓይነት ጨዋታ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። በሕጉ መሠረት ላስቲኩ፣ ስፖንጁና ማጣበቂያው ተደምረው ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለባቸውም። አንዱ ገጽ ጥቁር መሆን አለበት፤ ሌላው ድሮ ቀይ ብቻ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅም ይፈቀዳል።

ስፖንጁ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦምቤይ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ራኬት ይዞ መጥቶ በወንዶች ነጠላ አሸነፈ። ተጋጣሚዎቹ የለመዱት የኳስ ድምፅ ጠፋባቸው፤ ኳሷ መቼ እንደተመታችና በምን ፍጥነት እንደምትመጣ ማወቅ አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ነው በ1959 የጎማው ውፍረት በሕግ የተገደበው።

ወደ ስፒን እንምጣ። ኳሷ ጎማው ላይ የምትቆየው የሰከንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። በዚች ቅጽበት ኳሷ ወደ ስፖንጁ ትሰምጣለች፣ ላስቲኩ ይይዛታል፣ እጃችን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲፍቃት ትሽከረከራለች። ወደ ፊት የምትሽከረከር ኳስ (ቶፕስፒን የምንለው) አየሩን ከኋላዋ ወደ ላይ ትጥለዋለች፤ አየሩም በኒውተን ሦስተኛ ሕግ እሷን ወደ ታች ይገፋታል። ማግነስ ኢፌክት ያልነው ይኸው ነው። ለዚህ ነው በጣም የተመታች ቶፕስፒን ከጠረጴዛው ልትወጣ ስትል ጎንበስ ብላ የምትገባው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጎማው ስፒን አይፈጥርም፤ ስፒን የሚፈጥረው የእጅ ፍጥነት ነው። ጎማው የሚያደርገው ኳሷ እንዳትንሸራተት መያዝ ነው። ታዲያ ያ የሚይዝ ጎማ የእኔን እጅ ከተጋጣሚዬ እጅ አይለይም። ተጋጣሚዬ አሽከርክሮ የላከውን ኳስም እንደዚያው ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሽክርክሪቱንም ወደ አቅጣጫ ይቀይረዋል። ከት የተደረገች፣ ማለትም ከታች ተፍቃ የመጣች ኳስ የሚይዝ ጎማ ላይ ስታርፍ ቁልቁል ወደ መረቡ ትሮጣለች። በጎን የተሽከረከረችው ወደ ጎን ትፈተለካለች። ያረጀና የሚያዳልጥ ጎማ ላይ ግን ኳሷ ተንሸራትታ ስለምታልፍ ስህተቱ ትንሽ ነው።

የእኔ ውርደት የመጣው ከዚህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ማሸጊያው ላይ ስፒኑ ከፍተኛ ተብሎ የተጻፈበት፣ ስፖንጁ ጠንካራና በጣም ወፍራም የሆነ ጎማ አመጣልኝ። ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ለጠፍኩት። ልምምድ ላይ ምን አለፋችሁ፣ እኔ ራሴ ሳጠቃ ኳሷ እንደ ጥይት ነበር የምትሄደው። ዶርም ገብቼም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግማሽ ፍጻሜ ላይ የደረሰኝ ልጅ ግን ከሱቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ተራ ራኬት ይዞ አንድ ሰርቭ ብቻ ያውቃል፤ ከትና የጎን ስፒን የተቀላቀለበት። እሱን ሰርቭ መመለስ አቃተኝ። አንዴ መረብ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ ስፈራ ደግሞ ከፍ ብላ ስማሽ። የምመካበትን ቶፕስፒን ለመምታት ዕድሉን እንኳ አላገኘሁም። በአሮጌው ጎማዬ ያንን ሰርቭ ቢያንስ ግማሹን እመልሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ኮንትሮል የሚባለው ነገር ስናጠቃ ሳይሆን ስንቀበል ነው የሚፈተነው። ሱቅ ገብተን የምናደርገው ፈተና ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኳሷን ጎማው ላይ ጫን አድርገን ራኬቱን እንገለብጣለን፤ ኳሷ ተጣብቃ ከቀረች «ይሄ ነው ስፒን!» እንላለን። ይህ የሚያሳየው ሙጫነቱን ብቻ ነው። የቻይና ጎማዎች ብዙዎቹ እንደዚያ ይጣበቃሉ፤ የጃፓንና የጀርመኖቹ አብዛኛውን ጊዜ አይጣበቁም፣ ነገር ግን ላስቲካቸው ስለሚለጠጥ ስፒናቸው ትንሽ አይደለም። ማሸጊያ ላይ ያሉት የስፒድ፣ የስፒንና የኮንትሮል ቁጥሮችም እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ያወጣቸው ናቸው፤ የአንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ኪሎን ከሊትር ማወዳደር ነው። የስፖንጅ ጥንካሬ ዲግሪም እንዲሁ ነው፤ የቻይናው 40 ከጀርመኑ 40 ይጠነክራል።

ታዲያ ምን እንይ? እኔ በመጀመሪያ የማየው የስፖንጁን ውፍረት ነው። 1.5፣ 1.8፣ 2.0፣ ከዚያም ከፍ ብሎ ማክስ የሚባለው አለ። ወፍራሙ በኃይል ለሚመታ ሰው ኳሷን ጠልቃ እንድትገባ ያደርጋታል፤ ነገር ግን በትንሹ ስትነካም እንደ ምንጭ ይወረውራታል። ቀጭኑ ላይ ኳሷ ቶሎ እንጨቱ ጋ ስለምትደርስ እጃችን ይሰማታል፣ አጭር ኳስ አጭር ሆና ትቀራለች፤ በኃይል ስንመታ ግን የስፒኑ መጠን ይገደባል። በሳምንት ሁለት ቀን ለምንጫወት ሰዎች 1.8 በቂ ነው ባይ ነኝ። ሁለተኛው ጥንካሬው ነው። ጠንካራ ስፖንጅ ኳሷን የሚያስገባው በሙሉ ሰውነት ለሚመታ ሰው ነው፤ እጁ ዝግ ላለ ሰው ለስላሳ ወይም መካከለኛው ይሻላል።

አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ እፍጋት ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። የማግነስ ኃይልም የአየር መጎተትም ከእፍጋት ጋር ስለሚሄዱ እዚህ ኳሷ ብዙም አትቀዘቅዝም፣ ብዙም አትጎነበስም። ዱባይ ላይ ጠረጴዛው ጫፍ የምትገባ ቶፕስፒን እዚህ ልታልፍ ትችላለች። ጎማ ላይ የሚደርሰው ሰበቃ ግን አየር ቢሳሳም ባይሳሳም አይቀንስም፤ ያ ክፉ ሰርቭ እዚህም ያው ክፉ ነው። እንግዲህ ፈጣን ጎማ እኛ ጋ ሁለት ጊዜ ይቀጣል ማለት ነው።

ስለ ማጣበቂያም ልናገር። እኔ ያን ጎማ የለጠፍኩት ጫማ ሰፊ ጋ በሚገኘው ማስቲሽ ነበር። የማስቲሽ ሟሟ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ላስቲኩን ይወጥረዋል፣ ጎማውም ለጊዜው ከራሱ በላይ ይፈጥናል። ትነቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይሟሽሻል። ድሮ ትልልቅ ተጫዋቾች ይህንን ሆን ብለው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ያደርጉት ነበር፤ ትነቱ ጤና ስለሚጎዳ ከቤጂንግ ኦሎምፒክ በኋላ፣ በ2008 ተከለከለ። እኔ ግን ሳላውቅ ልምምድ ላይ አንድ ጎማ፣ ውድድር ላይ ሌላ ጎማ ይዤ ነበር። አሁን የምገዛው በውኃ የተሠራውን ማጣበቂያ ነው።

ውሳኔዬ ይኸው። ለሦስቱ ራኬቶች በሁለቱም በኩል መካከለኛ ስፖንጅ ያለው፣ የማይጣበቅ፣ 1.8 ጎማ። ለምሳሌ ያሳካ የሚያመርተው ማርክ ፋይቭ ከ1969 ጀምሮ ያለ ነው፤ ይህን ያህል የቆየው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እሱ ከታጣ ተመሳሳዩን እፈልጋለሁ፤ ላስቲኩ ላይ ከእጀታው በላይ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ምልክት መኖሩን ሳላይ አልከፍልም። ለአራተኛው ራኬት፣ ቶፕስፒን በጣም ለሚመታው የሁለተኛ ዓመት ልጅ፣ ፎርሃንዱ ላይ 2.0 አደርግለታለሁ፤ እጁ ይችለዋል። ያ የዱባይ ጎማዬን ከፈለገም በነጻ ልሰጠው ጠይቄው ነበር፣ ሳቀብኝ።

ጎማው ከተገዛ በኋላ የሚጎዳው አቧራ ነው። ላውንጁ በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አቧራ የያዘ ላስቲክ ያዳልጣል፤ ተጫውተን ስንጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን፣ ፕላስቲክ ሸፍነን ማስቀመጥ አለብን። በመዳፍ ማሻሸት ግን ይቅር፣ ላብና ቅባት ነው የሚጨምርበት።

የቡድኑ አባላት እንጨቶቻችሁን አሮጌውን ጎማ ልጣችሁ እስከ ሐሙስ አምጡልኝ። ልጣፉ ቅዳሜ ጠዋት ላውንጅ ነው፤ ስለታም መቀስ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።