ውሃ ፓምፑ ሲያጉረመርም



ከግቢ ውጭ ተከራይተው የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ። ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ሶኬቱ ሲሰካ “እምምም” ብሎ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ለሱብሒ ውዱእ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ሰው “ተቃጥሏል፣ ሽቦው ይጠቅለል” ይላል። እኛ ግን ለጥቅለላ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ እንላለን። የተቃጠለ ሞተር ብዙውን ጊዜ ይሸታል ወይም ብሬከር ይጥላል፤ የሚያጉረመርመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና አልሞተም።

ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ መብራት በሞተሩ ውስጥ የሚፈጥረው የማግኔት ኃይል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ አይዞርም። ብስክሌት አስቡ። ፔዳሉ ልክ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቁልቁል ብትጫኑት ጎማው አይንቀሳቀስም፤ ትንሽ ከጎን የሚገፋው ካገኘ ግን ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላም በቁልቁል ግፊቱ ብቻ ይቀጥላል። በሞተሩ ውስጥ ይህን የጎን ግፊት የሚሰጠው ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ነው። ከእሱ ጋር የታሰረው ካፓሲተር ከረንቱን ከዋናው ጥቅል ሩብ ዙር ያህል ያስቀድመዋል። ካፓሲተሩ ሲደክም ግፊቱ ይጠፋል፣ ሞተሩም ቆሞ ያጉረመርማል። ቆሞ ሳለ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ወዲያው ንቀሉት፤ የምር የሚቃጠለው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ልብ በሉ። ጠዋት የሚነሳው ፓምፕ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት እምቢ ካለ ችግሩ የመስመሩ ነው። የማስነሻ ጉልበት የሚሄደው ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው፤ 220 ቮልቱ ወደ 176 ሲወርድ የሚቀረው ጉልበት 64 በመቶ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅላችሁ (ማጥፊያውን መዝጋት አይበቃም) ዘንጉን አዙሩት። በብዙ ፓምፖች ከኋላ በኩል የዘንጉ ጫፍ በካቻቢቴ ይዞራል። ካልዞረ ዝገት ይዞታል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ለወራት ሳይሠራ የከረመ ፓምፕ አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይፈታል።

ዘንጉ በቀላሉ እየዞረ የሚያጉረመርም ከሆነ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቆይና ሊመታችሁ ይችላል። ሁለቱን ጫፎች በካቻቢቴ የሚያገናኙ አሉ፤ እኛ አንመክርም፣ ይፈነጥቃል። በባለ ክር አምፖል ማፍሰስ ይሻላል። ይህን ያልለመደ ኤሌክትሪሽያን ይጥራ። በመልቲሜትር ሲለካ 10 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት 6 ካነበበ ደክሟል። አዲሱ ማይክሮፋራዱ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ። “ትልቁ ይሻላል” የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት፤ ማይክሮፋራዱ ሲበዛ ሁለተኛውን ጥቅል ያግለዋል።

ካፓሲተሩ ተለውጦ፣ ዘንጉ ተፈትቶ፣ ቮልቴጁም በቂ ሆኖ አሁንም ካጉረመረመ፣ ያኔ ሞተሩን ፈትታችሁ ወደ ጠቅላዩ ውሰዱት።