ምርመራው «ነጻ» ሲሆን

ምክንያቱ ያልተገኘ ሕመም የሚባለው ታማሚው እየተሰቃየ የደሙ፣ የሽንቱ፣ የራጁና የአልትራሳውንዱ ውጤት ምንም ሳያሳይ ሲቀር ነው። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላና በመሐል ሳይንት፣ አቤቱታው ይመሳሰላል። አናቴን ያነደኛል፣ ገላዬን እንደ ጉንዳን ይወረኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ አቅም አነሰኝ። ሕመሙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። ገዳይ አይደለም ቢባልም ከእርሻ፣ ከምጣድና ከገበያ ያስቀራል።

መንገዱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ቀጥሎም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ደሴ ነው። የተቻለው አዲስ አበባ ይደርሳል። ለመሳፈሪያው በግ ይሸጣል፤ ለአልጋውና ለመድኃኒቱ ወይፈን ይከተላል። በየደረሰበት አዲስ ካርድ ወጥቶ ምርመራው ከሀሁ ይጀመራል። የቀድሞው ውጤት ግን በፌስታል ታስሮ በታማሚው እጅ አለ። ተራ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል ፌስታሉን ፈትቶ የሚያነብ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ከአዲስ ምርመራ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የዚህ ታማሚ ችግር የበሽታው ስም አለመታወቁ ይመስላል። ፌስታሉ ሲፈታ ግን ስም ሞልቷል፤ አንዱ ጨጓራ፣ ሌላው ነርቭ፣ ሦስተኛው ሪህ ብሎታል፤ በየመካከሉም ታይፎይድና ታይፈስ ተብሏል። በአገራችን ታይፎይድ ብዙ ጊዜ የሚባለው በ1896 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዊዳል ምርመራ፣ ታይፈስ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በወጣው የዌይል ፊሊክስ ምርመራ ነው። ሁለቱም የሚያዩት ተህዋሲውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ካለፈ ሕመም ተርፎ ሊቆይ፣ ከሌላ ተህዋሲ ጋርም ሊምታታ ይችላል። ዌይል ፊሊክስማ የሚሠራው ጭራሽ ፕሮቲየስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው። ታይፎይድን በተሻለ የሚለየው፣ ተህዋሲውን ራሱን የሚያሳድገው የደም ካልቸር በገጠር ሆስፒታል እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ትኩሳት ሳይኖረው ራሱን ለዓመት ያመመው ሰው ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፤ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ሲመለስበት «አገረሸ» ተብሎ ሌላ ይጨመርለታል። ትኩሳት ለሌለው ሰው ዊዳል ባይታዘዝ ከዚህ ብዙው ይቀር ነበር።

በሌላ በኩል ምርመራ ያላሳየው በሽታ ሁሉ የለም ማለት አይደለም። ከከብት ጋር ውሎ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ገበሬ የወገቡና የመገጣጠሚያው ሕመም ከብሩሴላ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። እንቅርት ያለባት ሴት ልቧ ሲመታና እጇ ሲንቀጠቀጥ ታይሮይድ ይጠረጠራል። የጀርባ አጥንት ቲቢ በደረት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል።

ከሁሉም የሚያስተምረው የደጋው የእግር እብጠት ነው። እያሳከከና እያቃጠለ ጀምሮ የሚያብጠው በሽታ ትንኝ የምታስተላልፈው የትል ዝሆኔ ይመስል ነበር፤ ደሙ ሲታይ ግን ትሉ የለም። ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ባካሄደው ጥናት ሕመሙን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከወጣ ቀይ አፈርና በባዶ እግር ከመሄድ ጋር አያይዞ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ መንደሮችም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆድ እየነፋ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ፣ ዓመታት ከፈጀ ምርመራ በኋላ በአረም ውስጥ ካለ መርዝ ጋር ተያይዟል። መልሱ የተገኘው የአንድን ሰው ደም ደጋግሞ በመቅዳት አልነበረም፤ ታማሚዎቹ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚበሉና ምን ላይ እንደሚራመዱ በመጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶም ምክንያት የሚታጣለት ብዙ ነው። ያኔ «ምንም የለብዎትም» ማለት ስሕተት ነው፤ ሕመሙ አለና። የነርቭ ሥርዓት በሐዘን፣ በእንቅልፍ ማጣትና በቆየ ሕመም ሲወጠር ተራውን የአንጀት እንቅስቃሴና የልብ ምት እንደ አደጋ ሊቆጥር ይችላል። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. የሕመም መለያ መመሪያውን ሲያሻሽል የምክንያት አለመገኘትን ከዋና መስፈርትነት አውጥቶ፣ ምልክቱ በሰውየው ሐሳብና ኑሮ ላይ ያደረሰውን ጫና መመዘኛ አድርጓል። «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃልም ቶሎ ከተሰነዘረ «አብደዋል» እንደማለት ይሰማል። ገላው በእጅ ተዳስሶ፣ ውጤቱ በወጉ ከተነገረ በኋላ «ቤት እንዴት ነው?» ሲባል ግን ጅዳ ሄዳ ድምጿ የጠፋ ልጅ፣ የድንበር ክርክር ወይም ጦርነት የወሰደው ወንድም ይነሣል።

በዚህ መካከል ቤተሰቡ «የሐኪም አይደለም» ብሎ ወደ ጠበል ወይም ወዳጃ ወደሚባለው የጋራ ጸሎት መውሰዱ አይቀርም። ከዚህ ጋር መጣላት ትርፍ የለውም። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ማሳሰባቸው ለሌላውም ሕመም አርአያ ይሆናል። መከልከል ያለበት የተጀመረ መድኃኒት ማቋረጥና የደከመን ሰው በባዶ ሆድ ማዋል ነው።

የሚሠራው አያያዝ አሰልቺ ነው። ታማሚው በባሰበት ቀን ሳይሆን በቁርጥ ቀጠሮ፣ በወር አንዴ፣ ያንኑ ባለሙያ ያያል። ይዳሰሳል፤ ይመዘናል። ምርመራ የሚደገመው ክብደት ሲቀንስ፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ሲመጣ፣ ሰገራ ሲጠቁር፣ ምግብ አልወርድ ሲል ወይም እጅና እግር ሲዝል ነው። መርፌ አይለመድም። ሥራም በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ግቢ፣ ቀጥሎ ገበያ፣ በመጨረሻ እርሻ። ወጣት ሐኪሞች ቶሎ ስለሚዛወሩ ቀጠሮውን የሚይዘው በአካባቢው የሚቆይ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ቢሆን ይሻላል። ሪፈር ግድ ከሆነም «ለተሻለ ምርመራ» ብሎ መሸኘት ሰውየውን እንደገና ከሀሁ ያስጀምረዋል፤ ምን ታይቶ ነጻ እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት ተሞክሮ እንዳልሠራና ደሴ ላይ እንዲመለስ የሚፈለገው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ በወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት።